ክንዱን ሜክሲኮ ጥሎ ጉራ የመጣው ጠበቃ

  

ሰሞኑን አምስተኛ ክፍል ያለው የልጅ ልጄ “አባባ፣ አሜሪካኖች ከእኛ ጋር ተዋግተው ያውቃሉ?” ብሎ ጠየቀኝ። ስለ አፄ ዮሐንስ ዘመን ሲያነብ፣ ከግብፅ ጦር ጋር አሜሪካውያን መኮንኖች እንደነበሩ የሚናገር አንድ መስመር አግኝቶ ነው። እውነት ነው፣ ነበሩ። ግን አንድ መስመር ልጅን አያጠግብም። ስማቸው ማነው? አገራቸው ያ ሁሉ ሩቅ ሆኖ ምን ፈልገው መጡ? ማን ላካቸው? ጥያቄው አያልቅም። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለልጆች ጦርነት ስናወራ የእኛን ጀግኖች በስም እንጠራና ባላጋራውን “ጠላት” ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ ዛሬ ከእነዚያ አሜሪካውያን መካከል የበላይ የነበረውን ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ ላውራችሁ። ለልጆቻችሁ ስታወሩት የትኛውን እንደምታስቀድሙ፣ የትኛውን እንደምታቆዩት እናንተ ታውቃላችሁ።

ሰውየው ዊልያም ዊንግ ሎሪንግ ይባላል። የተወለደው በ1818 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው፣ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ) በሰሜን ካሮላይና ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ኦገስቲን ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተዛወረ። ፍሎሪዳ ያን ጊዜ ከስፔን እጅ ከወጣች ብዙም አልቆየችም። ነጮቹ ሰፋሪዎች መሬቱን ይፈልጉታል፣ የአገሬው ሰዎች ሴሚኖሎች ደግሞ አንለቅም ብለዋል። እንግዲህ ሎሪንግ ያደገው በዚህ መካከል ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሴሚኖሎችን ለመውጋት ዘመተ፣ በ18 ዓመቱም የሚሊሺያ ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። እኛ ቤት የ18 ዓመት ልጅ “ፈተናው እንዴት ነበር?” ተብሎ የሚጠየቅበት ዕድሜ ነው።

ጦርነቱ ጋብ ሲል ቤተሰብ የሚመኘውን መንገድ ያዘ። ትምህርት ቤት ገባ፣ ሕግ አጠና፣ በ1842 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ለፍሎሪዳ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጠ፤ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ለላይኛው ምክር ቤት ሲወዳደር ግን ተሸነፈ። እዚያው ጥብቅናውን ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ እኔም ስሙን አልጠራውም ነበር። ግን በ1846 አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ተዋጋች፣ እሱም መዝገቡን ዘግቶ በፈረሰኛ ጠመንጃ ያዦች ክፍለ ጦር ውስጥ ሻምበል ሆኖ ሄደ።

አሁን ልጆች የሚወዱት ቦታ ደረስን። በመስከረም 1847 የአሜሪካ ጦር ሜክሲኮ ሲቲ በር ላይ ደረሰ። ቻፑልቴፔክ የሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ምሽግ ከተያዘ በኋላ፣ ወደ ከተማው መግቢያ በር ሲገሰግሱ ሎሪንግ ግራ ክንዱን በጥይት ተመታ። ክንዱ መቆረጥ ነበረበት። ሐኪሙ ሲቆርጠው ማደንዘዣ ሳይወስድ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ድምፅ ሳያሰማ ጨረሰው ይባላል። ወሬው በጊዜ ብዛት ሳይጋነን አልቀረም፣ የጦር ሜዳ ወሬ እንደዚያ ነው። ክንዱ መቆረጡ ግን የታወቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ሁሉ ፈረሱንም፣ ሰይፉንም፣ ብዕሩንም በአንድ እጅ ነው።

ሌላው ሰው ቢሆን ጡረታ ይጠይቅ ነበር። እሱ በ1849 ክፍለ ጦሩን እየመራ ከፎርት ሌቨንዎርዝ ተነሥቶ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሰላማዊ ውቅያኖስ አጠገብ ያለው ኦሪገን ገባ። ለስንቅ የተጫኑት በቅሎዎች፣ የወንዞቹ ሙላት፣ ኮሌራው፣ ይህ ሁሉ ለብቻው አንድ ታሪክ ነው። ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ግን የወርቅ ወሬ ነበር። ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ወታደሮቹ በሌሊት እየጠፉ ይሄዱበት ነበር። በ1856 ሙሉ ኮሎኔል ሆነ። ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሳይመረቅ፣ በአንድ እጁ፣ በ38 ዓመቱ እዚህ መድረሱ ቀላል አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ለልጅ ማውራት ቀላል ነው። ጎበዝ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ቆስሎ አልተሸነፈም። ከዚህ በኋላ ነው ወላጅ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው።

በ1861 አሜሪካ ለሁለት ተከፈለች። የደቡቡ ግዛቶች ተገነጠሉ። ምክንያቱን አንዳንዶች የክልል መብት ነው፣ ቀረጥ ነው እያሉ ያለሳልሱታል፤ የተገነጠሉት ግዛቶች የጻፉት ሕገ መንግሥት ግን ባርነትን በግልጽ የሚጠብቅ ነበር። ሎሪንግ ያን ጊዜ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የፌዴራሉ ጦር አዛዥ ነበር። ደመወዙንም፣ ማዕረጉንም፣ የቆሰለበትንም ባንዲራ ትቶ አገሬ ደቡብ ነው ብሎ ሄደ። “የራሴ ሰዎች” የሚለው ቃል ሰውን እስከ የት እንደሚወስድ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። የሚወዳቸው ሰዎች ሌሎች ሰዎችን እንደ ከብት የሚሸጡ መሆናቸው መንገዱን አላስቀየረውም። ልጆች ይህን ሲሰሙ “እና ጀግና ነው ወይስ ክፉ ነው?” ይላሉ። እኔ ደፋር መሆንና ለትክክለኛ ነገር መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ራሳቸው ይጨርሱት።

በዚያ ጦርነት ውስጥ የሎሪንግ አንድ ጠባይ ጎልቶ ይወጣል፤ ከአለቃ ጋር አይስማማም። በመጀመሪያው ዓመት ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ከጄኔራል ሊ ጋር ተኮራረፈ። በ1862 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከስቶንዎል ጃክሰን ጋር ተጣላ። ጃክሰን የሎሪንግን ወታደሮች ሮምኒ በምትባል ከተማ በክረምት ብርድ ትቷቸው ሄደ። የሎሪንግ መኮንኖች አቤቱታ ጻፉ፣ አቤቱታው ዋና ከተማ ደረሰ፣ የጦር ሚኒስትሩም ወታደሮቹ ይመለሱ ብሎ አዘዘ። ጃክሰን በአለቆቹ ተናዶ ሥራዬን እለቃለሁ አለ፣ ሎሪንግንም ከሰሰ። በመጨረሻ ሎሪንግ ማዕረግ ተጨምሮለት ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ዓይነት ሹመት ያውቀዋል።

በ1863 ሚሲሲፒ ውስጥ ትልቁ የስም ቀኑ መጣ። ፎርት ፔምበርተን በሚባል የጥጥ ጆንያና አፈር ተከምሮ በተሠራ ምሽግ ላይ ሆኖ የሰሜኑን የጦር መርከቦች መለሰ። መድፈኞቹን የበረዶ ውርጅብኝ አውርዱባቸው እያለ ይጮህ ስለነበር ወታደሮቹ በዚያው “ሽማግሌው ውርጅብኝ” የሚል ቅጽል አወጡለት። ያን ጊዜ ገና 44 ዓመቱ ነበር፤ ለወታደር አለቃው መቼም ሽማግሌ ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በቻምፒየን ሂል ውጊያ ከአለቃው ከጄኔራል ፔምበርተን ጋር ትእዛዝ መቀባበል አልሆነላቸውም፣ ክፍለ ጦሩም ከዋናው ጦር ተቆርጦ ቀረ። ፔምበርተን ወደ ቪክስበርግ ገብቶ ተከበበና ሐምሌ ላይ እጁን ሰጠ። ጥፋቱ የማን ነው? ፔምበርተን የሎሪንግ ነው ይላል፣ ሎሪንግ የፔምበርተን ነው ይላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ጉራ ላይ እንመለስበታለን።

በ1865 ደቡቡ ተሸነፈ። ከሁለቱም ወገን ከ600,000 ሰው በላይ ሞቷል ተብሎ ይገመታል። ባሮቹ ነፃ ወጡ። ሎሪንግ ደግሞ 46 ዓመቱ፣ አንድ እጁ፣ ጦር የሌለው ጄኔራል። ኒውዮርክ ሄዶ በባንክ ሥራ ለመኖር ሞከረ። ሃያ ዓመት ሰው ሲያዝ የኖረ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ወለድ ሲያሰላ አስቡት።

ያን ጊዜ ነው ግብፅ የጠራችው። ገዢዋ ኬዲቭ እስማኤል የስዊዝ ቦይን አስከፍቶ፣ ካይሮን እንደ ፓሪስ ላድርግ ብሎ፣ ጦሩንም በዘመናዊ ሥልጠና ሊያስታጥቅ ፈለገ። እንግሊዞችንና ፈረንሳዮችን አላመናቸውም፣ ነገ አገሬን ይወስዱብኛል ብሎ ይሰጋል። አሜሪካኖች ግን ሩቅ ናቸው፣ ጦርነታቸውም አልቆ ሥራ የፈታ መኮንን ሞልቷቸዋል። ስለዚህ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ አሜሪካውያንን ቀጠረ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ይህ ነው። ከአራትና አምስት ዓመት በፊት ሲገዳደሉ የነበሩ የሰሜንና የደቡብ መኮንኖች አንድ ዓይነት የግብፅ ልብስ ለብሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ይበሉ ነበር። በቅጥሩ ምክር ከሰጡት አንዱ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ነው፤ ሎሪንግ በ1864 አትላንታ አካባቢ የተዋጋው ከዚሁ ሰው ጦር ጋር ነው። የአሜሪካኖቹ የበላይ ሆኖ ካይሮ የተቀመጠው ቻርልስ ስቶንም የሰሜን ሰው ነበር። (ስቶን በኋላ አገሩ ተመልሶ የነፃነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ያሠራ መሐንዲስ ሆኗል። ኒውዮርክ ልጅ ያላችሁ፣ ፎቶ ሲልኩላችሁ ከሐውልቷ በታች ያለውንም እዩት።)

ስለዚህ ለልጅ ልጄ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት አልላካቸውም፣ ለደመወዝ ነው የመጡት። ሎሪንግ ኢትዮጵያን አይጠላም፣ አያውቃትምም። ሥራ ነበር። ይህ ለልጅ ከጥላቻ ይልቅ የሚከብድ መልስ ይመስለኛል፣ ለእኔም ይከብደኛል።

ከዚያ የእኛ ምዕራፍ ይመጣል። ኬዲቩ ከምፅዋ ተነሥቶ ደጋውን መያዝ ፈለገ። የመጀመሪያውን ጦር በአሬንድሩፕ በሚባል ዴንማርካዊ ኮሎኔል እየተመራ ሰደደ፤ አፄ ዮሐንስ ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ ጠበቁትና ጨረሱት፤ አሬንድሩፕም ሞተ። ኬዲቩ ተቆጣ፣ አፈረም። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው እጅግ የበዛ ጦር አሰናዳ። ዋናው አዛዥ ራቲብ ፓሻ፣ የእሱ ኤታማዦር ሹም ደግሞ ሎሪንግ ሆኑ። የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰንም አብሮ መጣ። ጦሩ ምፅዋ ወርዶ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ ዛሬ በኤርትራ ደቀምሐረ አጠገብ ባለው የጉራ ሜዳ ምሽግ ሠራ።

እስቲ ይህን ጦር በአንድ እናት ዓይን እንየው። ተራው ወታደር ብዙው ከአባይ ዳር ከእርሻው ተይዞ የመጣ ፈላሕ፣ ማለትም የግብፅ ገበሬ ነው። ልጁ ለውትድርና እንዳይወሰድ ብላ የልጇን ጣት የምትቆርጥ እናት እንደነበረች የዚያ ዘመን ተጓዦች ጽፈዋል። በላዩ ያሉት መኮንኖች ቱርክና ሰርካሲያን፣ ከጎናቸው ያሉት አማካሪዎች አሜሪካን። አዛዥና ታዛዥ ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም፣ ነገሩ ሁሉ በአስተርጓሚ ነው። በወዲያ በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር አለ፤ እሱም ብዙው ገበሬ ነው፣ ስንቁንም ከቤቱ የያዘ። ልዩነቱ የቆመበት መሬት የራሱ መሆኑ ነው።

ራቲብ ፓሻ ከምሽግ አልወጣም፣ እዚሁ ሆነን እንጠብቃቸው ይል ነበር። ሎሪንግ ደግሞ ሜዳ ወጥተን እንግጠም ብሎ ጎተጎተው፣ ፈሪ እስከማለትም ደረሰ ተብሎ ተጽፏል። የካቲት 29 ቀን 1868 ዓ.ም. ከ5,000 በላይ የግብፅ ወታደር ከምሽጉ ወጣ። የአፄ ዮሐንስ ጦር፣ ያን ጊዜ ሻለቃ የነበሩት አሉላም አሉበት፣ በሸለቆው እየገባ ከጎንና ከኋላ ከበባቸው። መስመሩ ተበጠሰ። ወደ ምሽጉ ሊመለስ የሮጠው ብዙው መንገድ ላይ ቀረ። በሁለተኛው ምሽግ የነበረው የግብፅ ጦር ለእርዳታ አልመጣም። በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ አሜሪካ ሠራሽ ጠመንጃ መሆኑንም ልብ በሉ።

ግን እዚያ ላይ አያልቅም፣ ለልጆችም እዚያ ላይ ባናቆመው እመርጣለሁ። በተከታዮቹ ቀናት የእኛ ሰዎች ምሽጉን ለመስበር ደጋግመው ወጡበት፤ ከምሽግ ውስጥ የሚተኮሰው መድፍና ጠመንጃ ብዙ ሰው ፈጀ፣ ምሽጉም አልተሰበረም። ከተማረኩት ግብፃውያን ብዙዎቹ ደግሞ ተገደሉ። ጆንሰን የሚባለው የጦሩ አሜሪካዊ ሐኪም ቆስሎ ተማርኮ ነበር፣ ተርፎም ያየውን ጽፏል። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህን አልነግረውም። አሥራ አምስት ሲሞላው ግን ከእኔ ቢሰማው ይሻላል፣ ሌላ ቦታ አግኝቶት አያቴ ደብቆኛል ከሚል።

ሎሪንግ ከጉራ በሕይወት ወጣ። እንደ ቻምፒየን ሂል ሁሉ የጥፋቱ ክርክር ተጀመረ። ግብፃውያኑ መኮንኖች አሜሪካኖቹን ከሰሱ፣ አሜሪካኖቹ ራቲብን። ራቲብ ከምሽግ ባይወጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን በሎሪንግ ሕይወት ውስጥ ሊ፣ ጃክሰን፣ ፔምበርተን፣ ራቲብ ተራ በተራ ጥፋተኛ ሲሆኑ አይቼ ጥርጣሬዬ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በየቤታችን አንድ እንዲህ ያለ አጎት አይጠፋም፤ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ደፋር፣ በሄደበት ሁሉ ግን አለቃው ምቀኛ የሆነበት።

ኬዲቩ ብድሩ አናቱ ላይ ደረሰ፣ በ1878ም አሜሪካኖቹን አሰናበተ። ሎሪንግ ፓሻ የሚለውን ማዕረጉን ይዞ አገሩ ገባ። በ1884 “የደቡቡ ወታደር በግብፅ” ልንለው የምንችለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ስለ ጉራ በሰፊው ጽፏል፣ ጥፋቱንም በራቲብና በባልደረቦቹ ላይ አድርጓል። በታኅሣሥ 1886 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ፣ የተቀበረው ግን ባደገባት በሴንት ኦገስቲን ነው። በ1920 በከተማዋ መካከል የመታሰቢያ ሐውልት ቆመለት። በ2020፣ በመላው አሜሪካ ለባርነት የተዋጉ ሰዎች ሐውልት ይነሣ የሚለው ጥያቄ ሲበረታ፣ የእሱም ተነሣ። መቶ ዓመት ቆሞ።

ልብ በሉ፣ ከጉራ ብዙ የሚነበብ ነገር የተዉልን የተሸነፉት ናቸው። ሎሪንግ ጽፏል፣ ዳይ የሚባለው ሌላው አሜሪካዊ መኮንን ጽፏል፣ ሐኪሙ ጽፏል። የቆሰለው በስንት ሰዓት እንደሆነ ሳይቀር የምናውቀው ፈረንጅ አለ። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ስንቁን ተሸክሞ የመጣው ገበሬ ግን ስሙ ያለው፣ ካለ፣ በቤተሰቡ አፍ ውስጥ ነው። አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ “ጉራ ዘምቷል” ሲባል የሰማ አንባቢ ካለ፣ የሰማውን በሰማው ልክ፣ ሳይጨምር፣ ለዝግጅት ክፍሉ ይላክልኝ። ጎራዴ ወይም የድሮ ሬሚንግተን ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁም ከማን እጅ እንደመጣ ጻፉልኝ። በሚመጡት ሳምንታት የተሰበሰበውን በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።